ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን

ሰው የሚወደውን በስልክ ይጠራል፣ በደብዳቤ ይጠራል፣ ሌላ ሲያጣ በፉጨት ይጠራል። ብረቷ ግን የምትወደውን ሰው የምትጠራው በብየዳ እሳት ነበር።

ብረቷ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ የሰፈር ስጦታ ነው። የአባቷ ዓይን ሲደክም ብየዳ ቤቱን ተረክባ፣ ቱታ ለብሳ፣ ላሜራ ስትቆርጥና የግቢ በር ስትበይድ ያየ ሁሉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተገረመ፣ በመጨረሻ ደግሞ በር ሊያሠራ መጣ። ስሙ ግን ከሳቁ ጊዜ ጀምሮ ተለጥፎባት ቀረ። እሷም አልጠላችውም። ከጎኗ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ጠዋት ጠዋት "ብረቷ፣ ዛሬም አልዛግሽም?" ሲላት፣ "አንተ ተንፍሰህ ካልሞትክ እኔ አልዝግም" ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ይውላሉ።

ከብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንድ ፎቅ ቤት አለ። ታቹ ፋርማሲ፣ ላዩ መኖሪያ ነው። የፋርማሲውን ባለቤት ሰፈሩ "እትዬ ፋርማሲ" ይላቸዋል። ነጭ ጋዋናቸው ላይ አንዲት ጠብታ የማይገኝባቸው፣ ሰው መድኃኒት ሲጠይቃቸው ከፊቱ በፊት ጥፍሩን የሚያዩ ሴት ናቸው። ባላቸውን በጊዜ ቀብረው ያሳደጉት አንድ ልጅ አላቸው፤ የጂኦግራፊ መምህር። የመምህሩ ክፍል መስኮት ደግሞ በቀጥታ የሚያየው የብየዳ ቤቱን ግቢ ነው። ነገር በዓይን ይገባል የተባለው በከንቱ አይደለም።

መጀመሪያ ወደ መስኮቱ የተጠጋው የተማሪ ፈተና ለማረም ነበር። ማዶ ሰማያዊ እሳት ብልጭ ድርግም ሲል ቀና ብሎ አየ፤ ደግሞ አየ፤ ፈተናው ሳይታረም መሸ። ሌሊቱን ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተሞጀረ ያህል ሲያቃጥለው አደረ። የብየዳ ጨረር እንዲህ ነው፤ ሲያዩት አያምም፣ የሚያሳምመው ከተኙ በኋላ ነው። እናቱ ጠብታ ጨመሩለት። ብረቷ ደግሞ ወሬውን ስትሰማ ጥሬ ድንች ቆራርጣ "ዓይኑ ላይ ይለጥፍበት" ብላ ላከች። በየትኛው እንደዳነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዓይኑ እንደተገለጠ ግን መንገዱን ተሻግሮ ሊያመሰግናት መጣ። እሷም ጭምብሏን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ጥላሸት በነካው ፊቷ ትክ ብላ አየችውና፣

"ሁለተኛ እሳቱን እንዳታየው" አለችው። "ማየት ካማረህ ጀርባህን ሰጥተህ ግድግዳህን እይ። ብርሃኑ እዚያ ድረስ ይመጣልሃል።"

ከዚያ ወዲያ መምህሩ ግድግዳ ሲያይ ኖረ። ስልኩ ያለው ሳሎን ውስጥ ነው፤ የሚያነሱትም እትዬ ፋርማሲ ናቸው። ደብዳቤ ቢላክም የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ የራሳቸውን ቋንቋ አበጁ። ብረቷ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ኤሌክትሮዱን፣ የብየዳውን ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ሦስት ጊዜ ነካ ነካ ነካ ካደረገች፣ ግድግዳው ላይ ሦስት ጊዜ ብልጭ ይላል፤ "ና፣ እጠብቅሃለሁ" ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ረዘም አድርጋ ካበራች ደግሞ "አይሆንም" ማለት ነው። ታች እናቱ ክኒን ሲያሽጉ፣ ላይ ልጃቸው ግድግዳ ሲያነብ፣ ስንትና ስንት ምሽት አለፈ። ብረቷ በሕይወቷ እንደዚያ ወራት ደስ ብሏት አያውቅም።

ደስታ ግን ብዙ ጊዜ ሰው ሳያውቀው አይቆይም። አንድ ቀን ብረቷ እጇ ተቃጥሎ ቅባት ልትገዛ ፋርማሲ ገባች። እትዬ ፋርማሲ ቅባቱን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉላትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"የኔ ልጅ፣ አንቺ ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ፤ ማንም አይክድሽም" አሏት። "ልጄን ግን ተይልኝ። የሚመስልሽን ፈልጊ።"

ስድብ ቢሆን መልስ አታጣም ነበር። "የኔ ልጅ" ብለው፣ እንደሚመክር ሰው በለዘበ አንደበት ስላሉት ግን አንገቷን ደፍታ ገንዘቡን ቆጥራ ከፈለች። ቅባቱን ይዛ ወጣች። የተቃጠለው እጇ ነበር፤ የነደደው ሆዷ ነው።

ሴትዮዋ በምክር ብቻ አልተዉትም። የማያውቁት ሰው የለምና፣ ልጃቸው ሩቅ ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት እንዲዛወር አስደረጉ። ዝውውሩ በመጣ ሰሞን መምህሩ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አገኛት። ፊቱ ገርጥቷል፤ እጇን ያዘ።

"ሐሙስ በምሽቱ አውቶቡስ እንድሄድ ትኬት ተቆርጦልኛል" አላት። "የምሄደውም የማልሄደውም ግን ባንቺ ነው። ሐሙስ ሲመሽ ግድግዳዬን እያየሁ እቀመጣለሁ። ሦስቴ ካበራሽ ሻንጣዬን ጥዬ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ በፊት በር ገብቼ አባትሽን እጠይቃለሁ። እናቴ የፈለገችውን ትበል። አንድ ረጅም ካበራሽ ግን ገብቶኛል፤ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛም አላስቸግርሽም።"

"ለምን አሁኑኑ እዚሁ አልነግርህም?"

"አይ፣ አስቢበት" አለ ቶሎ ብሎ። "አባትሽም አሉ። እስከ ሐሙስ አስቢበት።"

ብረቷ ይህን እንደ ጨዋነት ቆጠረችው። ሳያጣድፈኝ፣ ሳያስገድደኝ፣ አባቴን አስቦልኝ እያለች ከፊት ይልቅ ወደደችው።

ሐሙስ ደረሰ።

ብረቷ ቀኑን ሙሉ የሰው ትእዛዝ የሆነ አንድ የብረት መስኮት ስትሠራ ዋለች፤ የበየደችውን መልሳ ስትፍቅ፣ የፋቀችውን መልሳ ስትበይድ። ያስጨነቃት መውደድ አለመውደዷ አይደለም፤ መውደዷን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ያስጨነቃት "በኔ ሰበብ ሰው ከእናቱ ይጣላ?" የሚለው ነው። ደግሞ አባቷ አሉ። ሽማግሌው በያጅ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ የተደባለቀ ብሎን በጣታቸው እየዳበሱ በየመጠኑ ይለያሉ። ድሮ ያለ ጭምብል፣ ባርኔጣ ደፍተው ብቻ ሲበይዱ ኖረው፣ አሁን ከሰው ፊት የሚለዩት ጥላውን ነው።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?"

"የፋርማሲውን ልጅ ነው?"

ሞረዱ ከእጇ ወደቀ። "ማን ነገረህ?"

"ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዬ መች ደከመ?" አሉ ብሎናቸውን ሳይተዉ። "ሰው ሲበይድ ጭሽሽሽ እያለ ይቀጥላል። አንቺ ግን ሲመሽ ሲመሽ ጭሽ፣ ጭሽ፣ ጭሽ ታደርጊና ዝም ትያለሽ። ሦስቴ ነክቶ የሚጨርስ ብየዳ በዕድሜዬ አልሰማሁም።"

"ተቆጥተህ ነበር?"

"በኤሌክትሮዱ ብክነት ተቆጥቼ ነበር።"

ሳቀች፤ ሳቋም መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ሊዞርባት ምንም አልቀረው። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሁሉን ዘረገፈችው፤ ዝውውሩን፣ ትኬቱን፣ እትዬ ፋርማሲ ያሏትን፣ ዛሬ ሲመሽ የምታበራውን ብርሃን። 

"እኔን ሰበብ እንዳታደርጊኝ" አሉ በመጨረሻ። "ብታገቢም ልጄ ነሽ፣ ብትቀሪም ልጄ ነሽ። የእናቱን ጉዳይ ደግሞ ለሱ ተይው፤ እናትነቷ ለሱ እንጂ ላንቺ አይደለም። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ ይወድሻል?"

"ይወደኛል።"

"በምን አወቅሽ?"

"አባዬ ደግሞ! ይታወቃል እኮ።"

"ከታወቀ ጥሩ" አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ብሎናቸው ተመልሰው።

ብረቷ ያን ጊዜ ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመው ድንጋይ የተነሳላት ያህል ቀለላት። ብድግ ብላ የአባቷን ራስ ሳመች። ከዚያ በኋላ የቀራት የፀሐይዋ መግባት ብቻ ነበር፤ ፀሐይም አውቃ የምትጎተት መሰላት።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ግቢው መሃል ቆመች። ማዶ ያለው መስኮት ጨልሟል፤ መጋረጃው ተከፍቷል፤ እሱ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ግድግዳውን እያየ እንደተቀመጠ ታውቃለች። ማሽኑን አስነሳች፤ ኤሌክትሮዱን መያዣው ላይ ሰካች፤ ጭምብሏን አወረደች። በያጅ ጭምብሉን ሲያወርድ ዓለም ይጠፋል። በዚያ ጥቁር መስታወት ውስጥ እሳት ካልሆነ በቀር የሚታይ ነገር የለም። "ሦስቴ" አለች ለራሷ፤ ልቧ ከማሽኑ በላይ ሲጮህ ይሰማታል። እጇን ወደ ብረቱ ዘረጋች።

ሳትነካው በራ።

የነካችው መስሏት ወደ እጇ አየች። ኤሌክትሮዱ አየር ላይ ነው። ብርሃኑ ግን አለ፤ ቀና ብትል ሰማዩ መሃል ላይ አየችው። ሰፈርተኛው ሁሉ ዓይኑን ጋርዶ፣ በጣቱ መሃል ብቻ ያየውን እሷ በጥቁሩ መስታወት ጥርት አድርጋ አየችው። እንደቀለጠ ብረት ጠብታ ክብ ነው፤ ነጭ ሆኖ ዙሪያው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ከብየዳ ቤቱ ጣራ በላይ መጥቶ መንገዱን ተሻግሮ ያልፋል፤ ከኋላው ትንንሽ ፍንጣሪዎች እየተቆረጡ ይቀራሉ። አልቸኮለም። ተወርዋሪ ኮከብ እልም ሲል ነበር የምታውቀው፤ ይሄ ግን የሚሄድበትን ቤት የሚያውቅ እንግዳ ይመስል ረጋ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ከፋርማሲው ጣራ ወዲያ ሰመጠ።

"አውሮፕላን ተቃጠለ!" ብሎ ጮኸ ጎሚስታው። "ኧረ ምጽዓት ነው!" አለች ሌላ ሴት። በሮች ተበረገዱ፤ መንገዱ በሰው ሞላ፤ ሁሉም ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ የየራሱን ያወራል። ብረቷ ጭምብሏን ገልብጣ ስትስቅ ነበር። በዛሬዋ ቀን፣ በዛሬዋ ደቂቃ! ሰማዩ እንኳ ያወቀላት መሰላት።

ቆይቶ፣ ሰው ሁሉ "አለፈ" ብሎ ሲተነፍስ፣ ድምፁ መጣ። ከሩቅ የጀመረ ነጎድጓድ መሬቱን ነቀነቀው፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈው ላሜራ ሁሉ ተንጓጓ፤ የብሎኑ ሣጥን ተገለበጠ።

"ልጄ!" አሉ አባቷ። እንደዚያ ሲጮኹ ሰምታቸው አታውቅም። "ሲሊንደሩ ነው! ልጄ ተቃጠለች!"

ሮጣ ገባች። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተንበርክከው አየሩን ይዳብሳሉ። የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ እሷን የበላት መስሏቸዋል። እጇን ሲያገኙት ሙጭጭ አሉበት። "ደህና ነኝ አባዬ፣ ከሰማይ ነው፣ ደህና ነኝ" ብትላቸው አልሰሟትም፤ መላ አካላቸው ይንቀጠቀጣል። አቅፋቸው ተቀመጠች። ውሃ አጠጣቻቸው። የእጃቸው መንቀጥቀጥ እስኪበርድ፣ ጣታቸው አንድ በአንድ እስኪላላ ድረስ አብራቸው ቆየች። ልቧ ግቢው ውስጥ ነበር፤ እጇን ግን ልታስለቅቃቸው አልጨከነችም።

ከዚያ ወጣች። ጭምብሏን አወረደች። ጭሽ፣ ጭሽ፣ ጭሽ። ሦስት፤ ጥርት ያሉ ሦስት ብርሃኖች። ማዶ ያለው ግድግዳ ሁሉ በሰማያዊ ብልጭ ብልጭ አለ።

ቱታዋን አወለቀች፤ ፊቷን በሳሙና ታጠበች፤ ለዚህች ምሽት ብላ የሰቀለችውን ቀሚስ ለበሰች። አባቷን ጃኬት አለበሰቻቸው፤ ፀጉራቸውን አበጠረችላቸው። አባትና ልጅ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የፊት በሩን ጠበቁ። የመንገዱ ጫጫታ እየሳሳ ሄደ። በየኮቴው ቀና ትላለች፤ ኮቴው ያልፋል። ሳምንቱን ሙሉ ያልመጣባት ፍርሃት አሁን ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ እንደ ብርድ ይወጣባት ጀመር።

በሩ ላይ ብቅ ያለው ጎሚስታው ነው። ቀሚሷን ሲያይ ደነገጠ፤ የሚቀልድበትንም ቀልድ ዋጠው።

"ልጁን ነው የምትጠብቂው?" አላት። "በግርግሩ መሃል ሻንጣውን ይዞ ወጣ እኮ። ታክሲ ይዞ ሄደ።"

ብረቷ ማዶ ወዳለው ጨለማ መስኮት ዞር ብላ አየች። ከዚያ ገባት። ግድግዳውን እያየ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ፣ እሷ ራሷ እንዳስተማረችው። ነጭ ብርሃን ግድግዳው ላይ አረፈ፤ ረጅም፤ አንድ ብቻ። እና "አይሆንም" ብላ ያበራችው እሷ መስላዋለች! ሰማዩን አላየም፤ ያየው ግድግዳ ነው!

ትስቅ ጀመር። "ሰማዩ ነው! የኔ አይደለም፣ ሰማዩ ነው የነገረው!"

"አመማት እንዴ?" አለ ጎሚስታው ወደ አባቷ ዞሮ።

"ሞተርህን አስነሳ!"

የጎሚስታው ሞተር ብስክሌት፣ ባለቤቱ የሌላውን ሰው ጎማ ሲጠግን፣ የራሱ ጎማ ተጠግኖለት አያውቅም። በየጉድጓዱ ሲነጥር ብረቷ ቀሚሷን በአንድ እጇ፣ የሰውዬውን ትከሻ በሌላ እጇ ይዛ፣ በልቧ ታሪኩን ትደርስ ነበር። አንድ ቀን ለልጆቻቸው የሚያወሩት ታሪክ። "አባታችሁ እኮ ኮከብ እኔን መስሎት ሊሄድ ነበር፤ እናታችሁ በዚህ በተረገመ ሞተር ተከትላ ባትደርስበት…" ልጆቹ ሲስቁ ታያቸው። እሱ ሲያፍር ታየው። ሰው ተስፋ ሲያደርግ እንዴት ያለ ደራሲ እንደሚሆን!

መናኸሪያው ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለዚያው ብርሃን ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ ረዳቱ የመጨረሻዎቹን ሻንጣዎች ይጭናል። ብረቷ እየተጋፋች በሩ ጋ ስትደርስ፣ መግቢያው አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ፈገግ አሉላት።

"አየሽው ልጄ?"

"አየሁት እማማ" አለች እያለከለከች።

"እኛስ የዓለም ፍጻሜ መስሎን አንጀታችን ተቆርጦ ነበር። ደግነቱ እዚያ መስኮት ጋ ያለው ልጅ አስረዳን። ተወርዋሪ ኮከብ ነው አለን፤ ትልቅ ሲሆን እንደዚያ ይጮሃል አለን። አስተማሪ ነው መሰለኝ። ሲያስረዳ ደስ ይላል።"

የብረቷ እግር ደረጃው ላይ ቀረ።

መስኮቱ ጋ የነበረው ልጅ ቀና አለ። አያት። ዓይኑ ውስጥ ደስታ ፈለገች፤ ግርምት ፈለገች፤ ቢያንስ ቁጣ ፈለገች። ያገኘችው የተያዘ ሰው ዓይን ነው። ተነስቶ መጣ፤ ወረደና ከአውቶቡሱ ጎን፣ ጎማው አጠገብ ፊቷ ቆመ።

"ኮከብ መሆኑን አውቀሃል" አለችው።

"አውቄያለሁ።"

"መቼ?"

"ደረጃውን ስወርድ። ሰዉ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ይል ነበር።"

"እና ለምን አልተመለስክም?"

ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሱ ዝምታ ግን እያየችው ነቀዘ፤ ከውስጡ የሚወጣው ነገር ምን እንደሆነ ሳይናገረው ሸተታት።

"ተናገር እንጂ!"

"ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ ረጅም መሆኑን ሳይ…" ጫማውን አየ። "እፎይ አልኩ።"

"ምን አልክ?"

"እፎይ አልኩ። ቀኑን ሙሉ 'ሦስቴ ታበራለች' እያልኩ ስፈራ ነው የዋልኩት።"

"አንተ ነህ እኮ አብሪ ያልከኝ! አንተ ነህ እኮ በፊት በር እገባለሁ ያልከኝ!"

"እኔ ነኝ። ያልኩሽን ሁሉ ብዬሻለሁ።" ወደ አውቶቡሱ በር ዞር ብሎ አየ። "እናቴን እምቢ ልላት አልቻልኩም። አንቺንም እምቢ ልልሽ አልቻልኩም። አንቺ እምቢ ብትይኝ ግን ማንንም ሳላስቀይም እሄድ ነበር። እየተከፋሁ እሄድ ነበር፤ ግን ንጹሕ ሆኜ። ለዚህ ነው እስከ ሐሙስ አስቢበት ያልኩሽ።"

"አትወደኝም ማለት ነው?"

"እወድሻለሁ።"

"አልወድሽም" ቢላት ይሻላት ነበር። የማይወድ ሰው ይጠላል፣ ይረሳል፣ ይታለፋል። እየወደደ የሚተው ሰው ምን ይደረጋል? ብረቷ ክብሯን ለመሰብሰብ ሞከረች፤ አልሰበሰብ አላት። ከዚህ በኋላ የተናገረችውን ሳትናገር ብትቀር በወደደች፤ ግን ተናገረችው።

"ደንግጠህ ነው" አለች በለሆሳስ። "የኔን እኮ አላየኸውም። አባቴ ፈርቶብኝ ትንሽ ዘገየሁ እንጂ ወጥቼ አብርቻለሁ። ሦስቴ። አንተ ሄደህ ነበር። ብታየው ኖሮ…"

"አየሁት።"

"ምኑን?"

"ሦስቱንም። ሻንጣዬን ታክሲው ላይ እየጫንኩ ነበር። የፋርማሲው ግድግዳ ላይ አየኋቸው።"

ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ድምፅ አላት ወይ ብሎ ለጠየቀ፣ የላትም። መናኸሪያው እንደነበረ ነው፤ ረዳቱ ይጣራል፣ ሰው ስለ ኮከብ ያወራል፣ አሮጊቷ በመስኮት ፈገግ ብለው ያዩዋቸዋል። ብረቷ ብቻ በቆመችበት አለቀች።

"እኔ ለሰው የማበራ መስሎኝ ነበር" አለች። "ለካ ለግድግዳ ነው ያበራሁት።"

"ይቅር በይኝ።"

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። የሚገርመው፣ በዚያች ሰዓት እንኳ የልማዷ አሳቢነት አልተዋትም። "ግባ፤ ያመልጥሃል" አለችው። ገባ። አውቶቡሱ ሲዞር በመስኮቱ አየችው። የሚያየው ጉልበቱን ነበር፤ ከጎኑ ያለው ሰው አንድ ነገር ጠየቀው፤ እሱም መለሰለት። ስለ ኮከቡ ይሆናል።

ሞተሩ ጋ ስትመለስ ጎሚስታው ፊቷን አየና ሞተሩን አስነሳ።

"ሰው ቢጠይቅህ" አለችው፣ "አውቶቡሱ ሄዶ ደረስን በል።"

"እሺ እህቴ" አላት። ያን ቀን ብረቷ አላላትም።

የመለሳት መንገድ የወሰዳት መንገድ ነው፤ ጉድጓዱም ያው ነው። ውሸቷን በአፏ ውስጥ ስታላምጠው መጣች። ያመለጠ አውቶቡስ አያሳፍርም። ያመለጠ አውቶቡስ ላይ ሰፈር ያዝናል፣ ጎረቤት ከንፈር ይመጥጣል፣ "እድል ነው" ይባላል። ሰማይ ያጣላቸው ፍቅረኞች ተብሎ እንኳ ይወራል። ይሄን ያህል ቢቀርላት ምናለበት? ከነበረው ሁሉ ይሄ ብቻ ቢቀርላት?

አባቷ እንደለበሱ፣ ፀጉራቸውም እንደተበጠረ ቁጭ ብለዋል።

"አገኘሽው?"

"አልደረስኩበትም አባዬ። ወጥቶ ነበር።"

 ሽማግሌው የቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ የሌላ ሰው እጅ የሆነ ይመስል ጭምቅ አደረጉት።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"ምኑ አባዬ?"

"እንደ ሕፃን እየተንቀጠቀጥኩ እጅሽን ሙጭጭ አድርጌ የያዝኩት። ባልይዝሽ ኖሮ ያኔውኑ ወጥተሽ ታበሪለት ነበር። አይቶ ይመጣ ነበር። ሲሊንደር አይደለም እያልሽኝ እኮ ነው ያልሰማሁሽ።" እንባቸው በደከሙት ዓይኖቻቸው ወረደ። "ዓይኔ ሲጠፋ ሸክም እሆንብሻለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር እንጂ፣ ዕድልሽን የምዘጋ እሆናለሁ አላልኩም። እግዜር ይቅር አይበለኝ።"

ብረቷ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። አንድ ቃል አለ፤ ከመናኸሪያው እስከዚህ ድረስ በጥርሷ ነክሳ ያመጣችው፣ ለማንም ላትናገረው ለራሷ የማለችበት ቃል። ካላወጣችው ውሸቷ ከውርደት ይጠብቃታል፤ አባቷ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንን እጃቸውን ሲረግሙ ይኖራሉ። ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ዋሽቼህ ነው። ደርሼበታለሁ።"

"እ?"

"ሦስቱንም አይቶ ነበር። አንተ አላዘገየኸኝም። አይቶ ነው የሄደው።" የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች። "አልፈለገኝም አባዬ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ለቀቁ። ራሷን ጉልበታቸው ላይ አድርጋ፣ አፏን በቀሚሷ ይዛ አለቀሰች፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አባቷ ከጥፋታቸው ተፈቱ። እሷ ግን የምታሳብብበት አጥታ ቀረች። ሰማዩን የማትወቅስበት፣ እትዬ ፋርማሲን የማትወቅስበት፣ የዘገየ እጅ ላይ የማትጥለው፣ ከማንም ጋር የማትካፈለው፣ ሙሉ በሙሉ የራሷ የሆነ ሐዘን ነበር።